መሪዋ እስክትሸነፍ

ሩፈስ ትሪፕሌት ሚስቱን በካርታ ማሸነፍ ነበረበት። ሌላው ሥራ ሁሉ አልቋል። ሮኬቱ ባሕሩ ዳር ቆሞ ነዳጁን እየተጋተ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሦስቱ ተጓዦች ነጩን የጠፈር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የአየር ቱቧቸው ከጎናቸው እንደ ተሰካ፣ በትልልቅ ወንበሮቻቸው ላይ ተንሰራፍተዋል። የቀረው የቡድኑ መሪ ሎርና ትሪፕሌት አንድ ዙር ተሸንፋ «በሉ እንሂድ» እንድትል ብቻ ነበር።

በዚህ የፍሎሪዳ ዳርቻ ልማዱ እንዲህ ነው። ወደ ጠፈር የሚሄድ ቡድን መሪ ከመውጣቱ በፊት ከልብስ ክፍሉ ኃላፊ ጋር ካርታ ይጫወታል፤ እስኪሸነፍ ድረስም ከክፍሉ አይወጣም። ክፉ ዕድሉን ጠረጴዛው ላይ አራግፎ ይሂድ ነው ነገሩ። ማን እንደ ጀመረው አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ከመንግሥት ጠፈርተኞች ዘመን የመጣ ነው ይባላል። የግል ኩባንያዎቹ ሲመጡ ያልቀየሩት ነገር አልነበረም፤ ልብሱን አቀለሉት፣ ሮኬቱን ተመልሶ በእግሩ እንዲያርፍ አስተማሩት፣ ያንን ሁሉ ቁልፍና ማብሪያ በአንድ መስታወት ተኩት፣ ትኬት መግዛት ለቻለ ሰው ሁሉ በሩን ከፈቱ። ካርታዋን ግን የነካት የለም።

እንዲያውም ሩፈስና ሎርና የሚሠሩበት ኩባንያ ባሰበት። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ለቀልድ ብለው ጨዋታውን የጉዞው ኮምፒውተር ውስጥ እንደ አንድ የሥራ ደረጃ አስገቡት፤ «መሪው ተሸንፏል» ይላል። የልብስ ክፍሉ ኃላፊ ይህችን መስመር በጣቱ ነክቶ ካላጸደቀ የሚቀጥለው ደረጃ አይከፈትም። ቀልዱ ካለፈ በኋላ መስመሯን ለማውጣት የደፈረ አልተገኘም። ከቁጥር በቀር በምንም አናምንም የሚሉት እነዚያ ልጆች ለካርታዋ ሲሆን ያማትባሉ።

የዛሬው ችግር ሩፈስ አለማሸነፉ ነው። የባሰው ችግር ደግሞ የሚሸነፈው አውቆ መሆኑ ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልወደዱትን ገልብጠው ይጥሉና በምትኩ ከክምሩ ያነሳሉ፤ ከዚያ ይገለጣል። የተጣለው ክምሩ እስኪያልቅ ድረስ ጎን ይቀመጣል። ጥንድ ያለው ሰው ነጠላ ብቻ የያዘውን ይበላል፤ ሁለት ጥንድ ያለው አንድ ጥንድ ያለውን፤ ሦስት ተመሳሳይ የያዘ ደግሞ ሁለቱንም። በመጀመሪያው ዙር ለሩፈስ ሁለት ንጉሥ መጣለት። እጁ ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ሁለቱንም ነገሥታት ገልብጦ ጣላቸው። ሎርና በሁለት አምስት በላችው።

«አይዞህ፣ ሽማግሌው» አለችውና ሳቀች። ክፍሉም ሳቀ፤ ሩፈስም አብሮ ሳቀ። በሁለተኛው ዙር እንደዚያው አደረገ። ያኔ ግን በእጁ ማመካኘት አልቻለም።

ሩፈስ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ ለመንግሥት፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ «ልምድዎን ይዘው ይምጡልን» ብሎ ለለመነው ለዚህ ኩባንያ። የስንቱን ጓንት አጥብቋል፣ የስንቱን ቆብ ዘግቷል፣ የስንቱን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሸኝቷል። ሎርና በዚያ ሁሉ ጊዜ ተጠባባቂ ነበረች። ሠልጥና፣ ተፈትና፣ አልፋ፣ ሌላው ሰው ጉንፋን ይይዘው ይሆን እያለች የምትጠብቅ። ማንም ጉንፋን ይዞት አያውቅም። በሰዎቹ ጤንነት ሩፈስ ቆሽቱ ያረረበት ጊዜ ነበር፤ በኃጢአት መልክ ለቄሱም ተናግሮታል። ከዚያ ይህ ኩባንያ የራሱን የጠፈር ጣቢያ ሠራና፣ ሥልጠናውን የጠገበ መሪ ሲፈልግ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ሎርናን ጠራት። ያን ቀን ሁለቱ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ጨፍረዋል፤ ሩፈስ ጉልበቱን አሞት ሳምንት ሲያነክስ ከርሟል።

ደስታው እውነት ነበር። ቅድም የሎርናን የግራ ጓንት ቀለበት ሲያጠብቅ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ። ከዚህ በፊት በማንም ላይ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የሌላ ሰው ሚስት ስትሄድ እንቅልፉን ለጥ ብሎ ያድር የነበረ ሰው፣ የራሱ ተራ ሲደርስ ልቡ ቀጥ አለች።

መዘዙን ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጣቢያው በአናታቸው የሚያልፍበት ሰዓት የተቆረጠ ነው፤ ማንንም አይጠብቅም። ከባሃማስ በኩል ማዕበል እየመጣ ነው፤ ዛሬ ካልሄዱ ሮኬቱ ተጎትቶ ወደ መጠለያው ይመለሳል። የሎርና የሐኪም ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፣ ከኋላዋም ጡንቻው የፈረጠመ ወጣት መሪ ተሰልፏል። ስለዚህ ሩፈስ ጥቂት ዙር ብቻ ዝም ብሎ ቢሸነፍ፣ ሎርና ትሪፕሌት ጠፈር የሚባል ነገር ሳታይ ትቀራለች። ሌባ ነኝ ብሎ አሰበ። የቀረውን ካርታ በወዘና አደለ።

«ካፒቴን፣ እንዲህ ዕድለኛ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ ገንዘቤን ባንቺ ላይ አስይዝ ነበር» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ተጓዥ። ባክ ሊንድኩዊስት ይባላል፤ ከዊስኮንሲን የመጣ፣ ኪያር በኮምጣጤ እየዘፈዘፈ በጠርሙስ ሸጦ የከበረ ሰው ነው። ክብደት በሌለበት ቦታ ኪያር እንዴት እንደሚኮመጥጥ ለማየት አንድ ማሰሮ ይዞ ይሄዳል። ለሳይንስ ነው ይላል፤ ለማስታወቂያ መሆኑን ደግሞ አይደብቅም።

«ዝም በል ባክ፣ እንዳታበላሽብኝ» አለች ሎርና፣ ሦስት ስምንት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ።

«እንዳያበላሽብሽ? እኛ የምንፈልገው እኮ እንዲበላሽብሽ ነው!» አለች ሦስተኛዋ ተጓዥ ዶክተር ሬይስ። የአጥንት ተመራማሪ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋ ለጉዞዋ ሰባት ዓመት ለምኖ ነው የከፈለላት። «እኔ ሽንቴን መያዝ የምችልበት ጊዜ አልቋል። ይሄንን በሰው ፊት መናገሬን ተመልከቱና እዘኑልኝ።»

በሩ ተከፈተና ትሬቨር ብቅ አለ። የመነሻውን ሥራ የሚያስተባብረው ወጣት ነው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ላብ።

«አቶ ትሪፕሌት፣ ለጨዋታው ዐሥር ደቂቃ ነበር የመደብንልዎት» አለ።

«ዕድል በደቂቃ አይመደብም፣ ልጄ» አለ ሩፈስ፤ ድምፁ ለራሱም የሐሰት ሆነበት።

«ሠላሳ ሊሆን ነው እኮ! ላይ ያሉት ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ‹ሴትዮዋ አልተሸነፈችም ወይ› ይሉኛል። ለኢንቨስተሮቹ ምን ብዬ ላስረዳ? ነዳጁ ሞልቷል፣ አየሩ ተስማምቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን የሴትየዋን መሸነፍ እየጠበቀ ነው ልበል?»

«እንደዚያ በላቸው፤ እውነት ነው» አለች ሎርና።

ትሬቨር ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካፒቴን፣ ትንሽ... ዝም ብለው ቢሸነፉስ? ጥሩ ጥሩውን ቢጥሉትስ?»

ቱቦ የሚይዙት ሁለቱ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ። ሊንድኩዊስት «ኧረ በስመ አብ» አለ። ሩፈስ ፊቱን ካርታው ውስጥ ቀበረ።

ሎርና ግን አልተቆጣችም። «ስማ ትሬቨር፣ የውሸት ሽንፈት አይሠራም። ሁሉም ሰው ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ተጠባባቂ ሆኜ ያጠራቀምኩትን ክፉ ዕድል ይዤ እዚያ ነገር ላይ ብወጣ፣ ክንፍ እንኳን ቢኖረው አይነሳም። በደንብ ነው የምሸነፈው። ሩፈስ ቤት ውስጥ ነብር ነው፤ አሁን ይነቃል። አይደል ወይ?»

«ነቅቻለሁ» አለ ሩፈስ።

«እኔማ እንቅልፍ ላይ ያለህ ነው የመሰለኝ። ትናንት ማታ ስትበላኝ ጎረቤት እስኪሰማ ነበር የጮህከው።»

እውነት ነው። ሩፈስና ሎርና ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ማታ ማታ ካርታ ያልተጫወቱበትን ቀን ማስታወስ ይቸግራል፤ በሠርጋቸው ማግስት ተጫውተዋል፣ ልጃቸው በተወለደች ዕለትም ተጫውተዋል። ሩፈስ በሌላ ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው፤ ለካርታ ሲሆን ርኅራኄ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሎርና ትኩሳት ይዟት በተኛችበት አልጋዋ ላይ ዘጠኝ ዙር በልቷት ያውቃል። ሲያሸንፍ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ያጮኸውና «በላሁሽ!» ብሎ ይነሳል፤ ከዚያ ወጥ ቤቱን አንዴ ዞሮ ይመለሳል። እሷ ደግሞ «አታላይ!» ብላ የለውዝ ልጣጭ ትወረውርበታለች። ትዳራቸው የቆመው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ሩፈስ አሁንም አደለ። ሁለት ንግሥት መጡለት፤ ልክ ዕጣው የሚቀልድበት ይመስል ሦስተኛይቱም አብራቸው ነበረች። ሦስት ንግሥት። እጁ ላይ አፍጥጠው አዩት። ከሦስቱ ሁለቱን ገልብጦ ጣለ።

ሎርና ካርታዋን ለማንሳት የዘረጋችውን እጅ መንገድ ላይ አቆመችው። ምን እንዳየች እንጃ፤ ምናልባት የዓይኑን ሽፋሽፍት ይሆናል፣ ምናልባት ካርታውን ሲጥል ያለወትሮው ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ ማስተኛቱን። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ሚስት የምታየውን ማን ያውቃል? በዚያ ወፍራም ጓንቷ እየተቸገረች የጣላቸውን ካርታዎች ገለበጠች።

ሁለቱ ንግሥቶች ጣሪያውን እያዩ ጋደም አሉ።

ሎርና ከዚያ በፊት የጣላቸውን ክምር ሳበች። ገለበጠች። ንጉሥ፤ ሌላ ንጉሥ፤ ዐሥር፤ ሌላ ዐሥር። የሩፈስ ጆሮ በኀፍረት ጋለ።

«ትሬቨር» አለች ሎርና፣ ዓይኗን ከባልዋ ሳታነሳ፣ «ሂድና ወደ ሮኬቱ የሚወስደን መኪና ጎማው ደህና መሆኑን እይ።»

«ጎማው ደህና ነው፣ ካፒቴን።»

«እንደገና እየው። እናንተም ልጆች አብራችሁ እዩለት።» ሠራተኞቹ ትሬቨርን ገፋፍተው ወጡ። ሁለቱ ተጓዦች ግን በአየር ቱቦ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የትም አይሄዱም። «ባክ፣ ዶክተር፣ ቆባችሁን ዝጉ።»

«ለምን?» አለ ሊንድኩዊስት።

«ልምምድ ነው።»

ሁለቱም የቆባቸውን መስታወት ወደ ታች ሳቡ። ባልና ሚስቱ በዓለም ላይ ብቻቸውን የቀሩ ያህል ሆኑ፤ ሁለት ነጫጭ ቆቦች በጎን በኩል እያፈጠጡባቸው።

«ከስንተኛው ዙር ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከመጀመሪያው።»

«ከመጀመሪያው!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ እኮ ዛሬ ዕድል የቀናኝ መስሎኝ ነበር፣ ሩፈስ። ‹አየሽ፣ ሁሉም ነገር ሲሆን ይሆናል› እያልኩ ነበር በሆዴ። ሞኝ።»

ሩፈስ ሰዓቱ እየሮጠ መሆኑ ትዝ አለውና እንደ መጣለት አወጣው። «ፈራሁ። በቃ። ፈራሁ፣ ሎርና።»

«ምኑን? ልብሱን አንተ ራስህ አይደለህ የፈተሽከው?»

«ልብሱ ምንም አይሆንም። ሮኬቱም ምንም አይሆንም፤ ስንቱን ሰው አልብሼ ሸኝቻለሁ፣ ሁሉም ተመልሰው መጥተው ኬክ ቆርሰዋል። ያኔ ግን የሰው ሚስት ነበረች፣ የሰው ባል ነበር የሚሄደው። አንዳቸውም ማታ ማታ እግራቸውን ጭኔ ላይ ጭነው ቅቅል ለውዝ አይበሉም ነበር። ቅድም ጓንትሽን ሳጠብቅ እጄ ተንቀጠቀጠ። አስቤ ያደረግኩት አይደለም። ነገሥታቱን ስጥል እንኳን አላሰብኩም። ከዚያ በኋላ ነው አስቤ የጣልኩት። ይኼው፣ ሰድቢኝ።»

ሎርና አልሰደበችውም። ጓንቷን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ አየችው።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «ሰዓቱ አለፈ እንበል። ልብሱን አወለቅሽልኝ... አወለቅክልኝ፤ ይኸው አፌን እያሳትከኝ ነው። ማታ ቤታችን ገባን። እግሬን ጭንህ ላይ ጫንኩ። ለውዙም አለ። ከዚያ ምን እናወራለን?»

ሩፈስ አሰበ። ሳሎናቸው ታየው፤ መብራቱ፣ የለውዙ ሳህን፣ የሎርና ካልሲ። በመስኮቱ በኩል የባሕሩ ሰማይ። ያቺ ጣቢያ ማታ ማታ በዚያ መስኮት በኩል ነው የምታልፈው፤ ሁለቱ ቆመው ይሸኟት ነበር። ከዛሬ በኋላ መጋረጃው ይዘጋል። ስለ ጣቢያዋ አያወሩም፤ ስለ ካርታም አያወሩም፤ ቀስ በቀስ ስለ ምንም አያወሩም።

«ምንም» አለ።

«ምንም» አለች እሷም። «እኔም እኮ ፈርቻለሁ፣ አንተ ሰው። ቁርሴን ገፍቼ ስነሳ አላየህም?»

«ሆድሽን ነክቶሽ መስሎኝ።»

«አልነካኝም። ፈርቼ ነው። ከፍርሃቱ በላይ ግን መሄድ እፈልጋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቆብ ስትዘጋ ከጎንህ ቆሜ አይቼሃለሁ፤ አንድ ቀን የኔን ሲዘጋ ፊቱ ምን ይመስል ይሆን እያልኩ።» ጎንበስ ለማለት ሞከረች፤ ልብሱ አላጎነብሳት አለ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ቤት እንደምትጫወተው ተጫወተኝ። ያለ ርኅራኄ። ዕድል ከከለከለኝ ይከልክለኝ፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ያልፍልኛል። አንተ ግን አትከልክለኝ። እሱ አያልፍልኝም።»

ሩፈስ በእጁ መዳፍ ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠረገ። «እወድሻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። በውዝ።»

ሩፈስ ተነስቶ የሁለቱን ተጓዦች ቆብ አንኳኳ። የዶክተር ሬይስ መስታወት ተከፈተ። የሊንድኩዊስት ግን ቀድሞውኑ በጣት ወርድ ክፍት ነበር፤ ኪያር ሻጩ ዓይኑ ቀልቶ ንፍጡን ወደ ላይ እየሳበ ተቀምጧል።

«ትንሽ አየር ፈልጌ ነው» አለ። «ምንም አልሰማሁም። ስመለስ ሚስቴን ካርታ አስተምራታለሁ።»

ትሬቨርና ሠራተኞቹ ተመለሱ። የትሬቨር ፊት ከወረቀት ነጥቷል። «መንገዱን ጨምረን ካሰብነው፣ ቢበዛ ሁለት ዙር ነው የቀረን» አለ። «ከዚያ በኋላ... ማለቴ... ከዚያ በኋላ የለም።»

«ሰው አታስጨንቅ» አለው ሩፈስ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ። ሎርና ያቺን እጅጌ ስታይ ፈገግ አለች፤ ቤት ውስጥም ሊበላት ሲያስብ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

የመጀመሪያው ዙር ታደለ። ሩፈስ እንደ ሌባ ድመት አጎንብሶ ካርታውን አየ፤ ሁለት አራት። የቀረውን ጥሎ ሦስት አነሳ፤ ምንም አላገኘ። ሎርና ሁለት ዘጠኝ ገለጠች። በደንብ፣ በእውነት፣ ያለ ማንም ችሮታ በላችው። ሠራተኞቹ አቃሰቱ። ዶክተር ሬይስ በስፓኒሽ አንድ ነገር አለች፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አልተለየም። ሎርናም ጥርሷን ነከሰች። አሁን ማሸነፏ ለራሷም አስጠላት፤ አዘነች እንጂ ማታለል ግን አላሰበችም።

«አንድ ዙር ቀረ» አለ ትሬቨር። ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ሩፈስ በወዘ። በሕይወቱ እንደዚህ አጥብቆ በውዞ አያውቅም። አምስት ለሷ፣ አምስት ለራሱ። አነሳ። ሁለት ሰባት፣ አንድ ንጉሥ፣ ሁለት የማይረቡ ካርታዎች። ሰባቶቹን ይዞ ሦስቱን ጣለ፤ ከክምሩ ሦስት ሳበና አንድ በአንድ ወደ ዓይኑ አቀረባቸው። ሁለት ቁጥር። ጃክ። ከዚያ ሰባት።

ሎርና አንዲት ካርታ ብቻ ቀይራ ነበር። ጓንቷ እየተንሸራተተ ገለጠቻቸው። ሁለት ንግሥት፣ ሁለት ዐሥር። ሁለት ጥንድ። ከባድ እጅ ነው፤ በሌላ ቀን ብታገኘው ዓመት ታወራለት ነበር። አሁን ግን ቀና ብላ ለሁሉም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እንግዲህ» አለች። «ሞክረናል። አመሰግናለሁ፣ ልጆች።»

ሩፈስ ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዟል። ማንም አላየውም። «ሁለት ሰባት» ብሎ ሁለቱን ብቻ ገልጦ ሦስተኛዋን ከሌሎቹ ጋር ቢደባልቃት፣ በዓለም ላይ የሚያውቅበት ሰው የለም። ሎርና እንኳን አታውቅም፤ በደንብ ተጫውቶ እንደ ተሸነፈ ታምነዋለች። ማታ ቤታቸው ትገባለች፤ ታለቅሳለች፤ እሷ ራሷ እንዳለችው ያልፍላታል። እሱም ያቅፋታል። እግሯም ጭኑ ላይ ይሆናል። ዕድል ነው የከለከላት ይባላል። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈበት፣ ጣፋጭነቱም ጉሮሮው ላይ ተሰማው።

ከዚያ ፊቷን አየው። ፈገግታው ገና አልወረደም፤ ሊወርድ ሲል በግድ ይዛዋለች፤ ለእነሱ ስትል፣ ለእሱ ስትል።

ካርታው ጠረጴዛውን ሲመታ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«በላሁሽ!» አለ ሩፈስ። የወጥ ቤቱ ድምፅ ነበር፤ ሳያስበው ነው የወጣው። ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ሦስት ሰባት! በላሁሽ፣ ሴትዮ! ቁጠሪ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

«አታላይ!» ብላ ጮኸች ሎርና፤ እሷም ሳታስበው። ከዚያ ምን እንደ ሆነ ገባትና ሁለት እጇን በዚያ ጓንት አፏ ላይ ጫነች።

ክፍሉ ፈነዳ። ትሬቨር ግድግዳውን በቡጢ እየመታ «ተሸንፋለች! ተሸንፋለች!» ሲል ማዳመጫው ወደቀ፤ ከወለሉ ላይ እንኳን የላይኞቹ እልልታ ይሰማ ነበር። ሊንድኩዊስት ዶክተር ሬይስን ለማቀፍ ተንጠራርቶ ቱቦው መልሶ ወንበሩ ላይ ጎተተው። ከሠራተኞቹ አንዱ የኮምፒውተሩን ሰሌዳ አምጥቶ ሩፈስ ፊት ደቀነው፤ ሩፈስ «መሪው ተሸንፏል» የምትለውን መስመር በጣቱ ነካ። መስመሯ አረንጓዴ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሩጫ ነበር። ቱቦዎቹ ተነቀሉ፣ ተጓዦቹ ተነሱ። ሩፈስ በመጨረሻ የሚስቱን ቆብ ሊዘጋ ፊቷ ቆመ። እጁ አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

«ስትበላኝ ደስ ሲልህ አይቻለሁ» አለችው። ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ በጓንት ስለማይጠረግ እሱ በአውራ ጣቱ ጠረገላት።

«ደስ አለኝ» አለ። «ምን ላድርግ፣ ደስ ነው ያለኝ።»

«ፊትህ እንደዚህ ነው ለካ» አለችና እሷው ራሷ መስታወቱን ወደ ታች ሳበችው። እሱ ማያያዣውን ገጠመ፤ ጠቅ አለ። አንዴ ፈተሸው። ሁለተኛም ፈተሸው። ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ለቀቃት።

ወደ ማታ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ የኩባንያው ወጥ ቤት ሰዎች፣ ሾፌሮቹና የጥበቃ ሠራተኞቹ ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰብስበው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ቆሙ። ለቤተሰብ የተዘጋጀ ሰገነት ነበር፣ ወንበርና መጠጥ ያለበት፤ ሩፈስ ግን ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆንልህ አለውና እነሱ መሐል ቆመ። መጀመሪያ ብርሃኑ መጣ፤ የዛፎቹን ጥላ በሙሉ ወደ ኋላ ገፋው። ቀጥሎ ያቺ ቀጭን ነጭ ነገር ከእሳቷ በላይ ብድግ አለች፤ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ሳይሆን። ድምፁ ዘግይቶ ደርሶ ደረታቸውን ደበደበው። ሩፈስ እያለቀሰ ነበር፤ እየሳቀም ነበር፤ የትኛው እንደሚበዛ ራሱም አላወቀም።

አጠገቡ የቆመችው ጥበቃ ገና በዚያ ሳምንት የተቀጠረች ልጅ ናት። ሽማግሌው እንዲህ ሲሆን አይታ ውሃ አቀበለችው።

«አባባ፣ ከላይ ካሉት ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ?»

ሩፈስ ነጥቧ ሰማዩ ውስጥ እስክትጠፋ ድረስ ዓይኑን አላነሳም።

«መሪዋ ሚስቴ ናት» አለ። «ባላሸንፋት ኖሮ ማታ ቤት ነበረች።»